ከኒው ዮርክ እስከ ካርቲየ 1፦ የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ወደ አፍሪካ ቀንድ የሚገባባቸው በሮች

ካርቲየ 1 በጅቡቲ ከተማ በቁጥር ከተሰየሙት የቀድሞ ሰፈሮች አንዱ ነው። በሰፈሩ ሱቆች የሚሸጡት ሩዝ፣ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት የሚመጡት በመርከብ ነው። አትክልቱ፣ ፍራፍሬውና ጫቱ በአብዛኛው ድንበር ተሻግሮ ከኢትዮጵያ ይገባል። ከተማዋ ከምትጠቀምበት የኤሌክትሪክ ኃይል ጉልህ ድርሻ ያለውም ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ነው። በሰፈሩ ውስጥ ከሚሸጠው የሚመረተው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ የዕለት ወጪ የሚወሰነው በአብዛኛው ነዋሪዎቹ በማያውቋቸውና ሊጠይቋቸው በማይችሉ ሰዎች ነው።

የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ በሚያዝያ 2025 በበርካታ አገራት ምርቶች ላይ አዲስ ቀረጥ መጣላቸውን ሲያስታውቁ የብዙ ምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ሐሳብ ወደ 1930ዎቹ ተመልሷል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን እንቅስቃሴ ሲገታም ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የደረሰውን ጉዳት ያነጻጸረው ከዚያው ዘመን ጋር ነበር። ለመሆኑ በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ምን አመጣው? እንደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ያሉ፣ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ምንም ድርሻ ያልነበራቸው አገሮች ዘንድስ እንዴት ደረሰ? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአክሲዮን ገበያው መውደቅ ብቻውን ድቀት አያመጣም

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በመቀዛቀዝና በድቀት መካከል ልዩነት ያደርጋሉ። መቀዛቀዝ ምርትና ሥራ ለወራት የሚቀንሱበት፣ ከዚያም የሚያገግሙበት ሁኔታ ነው። ድቀት ግን ዓመታትን የሚወስድ፣ ባንኮችን የሚያፈርስና በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከሥራ የሚያፈናቅል ውድቀት ነው።

በጥቅምት 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በቀናት ውስጥ ተንኮታኮተ። የዶው ጆንስ የዋጋ መለኪያ ከመስከረም 1929 እስከ ሐምሌ 1932 ባለው ጊዜ 90 በመቶ ገደማ ዋጋውን አጣ። ቀድሞ ወደነበረበት የተመለሰውም በ1954 ነው። ሆኖም የአክሲዮን ገበያዎች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ወድቀዋል፤ ሁሉም ግን ድቀት አላስከተሉም። የ1929ኙን የተለየ ያደረገው ቀጥሎ የተወሰዱት፣ ወይም ሳይወሰዱ የቀሩት እርምጃዎች ናቸው።

የመጀመሪያው የባንኮች መፍረስ ነው። ከ1930 እስከ 1933 ባለው ጊዜ በአሜሪካ 9 ሺህ ገደማ ባንኮች ተዘግተዋል። ሚልተን ፍሪድማን እና አና ሽዋርትዝ በ1963 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በኢኮኖሚው ውስጥ የሚዘዋወረው ገንዘብ ሲመናመን በቸልታ ተመልክቷል። በኋላ የዚያው ባንክ ሊቀ መንበር የሆኑትና በ2022 የኖቤል ሽልማትን የተጋሩት ቤን በርናንኬ ደግሞ ባንክ ሲፈርስ የሚጠፋው የቆጣቢው ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ባንኩ ደንበኞቹን ለይቶ የሚያውቅበት ልምድ አብሮ ይጠፋል፤ ደህና ነጋዴም ቢሆን ብድር የሚሰጠው ያጣል።

ሁለተኛው የወርቅ ሥርዓት ነው። በዚያ ዘመን ታላላቆቹ አገሮች ገንዘባቸውን በቋሚ ተመን ከወርቅ ጋር አስረው ነበር። ወርቅ ከአገር መውጣት ሲጀምር መንግሥታት ለማስቀረት ወለድ ይጨምሩ ነበር። ብሪታኒያ በመስከረም 1931 ከወርቅ ሥርዓት ስትወጣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ያደረገው ይህንኑ ነው። ኢኮኖሚው እየተናጠ ሳለ የወለድ መጠኑን ከ1.5 ወደ 3.5 በመቶ ከፍ አደረገ። ቃል ለተገባለት ተመን ሲባል ፋብሪካና እርሻ ብድር ተነፈጉ።

ሦስተኛው የቀረጥ ፉክክር ነው። ፕሬዝዳንት ኸርበርት ሁቨር በሰኔ 1930 የፈረሙት የስሙት-ሀውሊ ሕግ በሺዎች በሚቆጠሩ የውጭ ምርቶች ላይ ቀረጥ አናረ። ከአንድ ሺህ በላይ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ሕጉ እንዳይፈረም በጽሑፍ ጠይቀው ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ሌሎች አገሮችም አጸፋውን መለሱ። ከ1929 እስከ 1933 ባለው ጊዜ የዓለም ንግድ በገንዘብ ሲተመን ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ።

የታሪክ ተመራማሪው ቻርልስ ኪንድልበርገር ሁኔታውን ያስረዱት በአመራር እጦት ነው። ብሪታኒያ የዓለምን ገበያ ለማረጋጋት አቅም አልነበራትም፤ አሜሪካ ደግሞ አቅም ቢኖራትም ፈቃደኛ አልነበረችም። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን በር ለመዝጋት ሲሽቀዳደም ሁሉም ተያይዘው ወደቁ። በ1933 በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ አጥ ነበር። በጀርመን በ1932 መጀመሪያ የሥራ አጦች ቁጥር 6 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

በባቡር ሐዲዱ የመጣው ቀውስ

ይህ ሁሉ በአፍሪካ ቀንድ የተሰማው በአንድ ጠባብ መስመር ነው። ግንባታው በ1897 ጅቡቲ ላይ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መስመር የኢትዮጵያን የውጭ ንግድ አብዛኛውን ክፍል በፈረንሳይ ወደብ በኩል እንዲያልፍ አደረገ። የሚወጣው በዋናነት ቡና እና ቆዳ ነበር፤ የሚገባው ደግሞ ጨርቅ፣ ላምባ፣ ብረታ ብረትና የጦር መሣሪያ።

ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1930 ዘውድ ሲጭኑ ድቀቱ አንድ ዓመት ሞልቶት ነበር። በበዓሉ ላይ የተገኙት የውጭ እንግዶች በዚያው ሐዲድ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የሐረር ቡና የሚሸጥበት የዓለም ገበያ እየፈረሰ ነበር። የቡና ዋጋ ከ1929 እስከ 1931 ባለው ጊዜ ከግማሽ በላይ ወደቀ። የዓለም ትልቋ ቡና አምራች ብራዚል ዋጋውን ለመታደግ ቡናዋን ማቃጠል ጀመረች። ከ1931 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት 78 ሚሊዮን ገደማ ጆንያ ቡና እንዳወደመች ይነገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። ቡና ወደ አሜሪካ ሲገባ ከቀረጥ ነፃ ነበር፤ የስሙት-ሀውሊ ሕግም አልነካውም። ይህ ግን ከዋጋ ውድቀቱ አላዳነውም። በዲትሮይት ወይም በሃምቡርግ ሥራውን ያጣ ሠራተኛ ቡናውን ሲቀንስ ጉዳቱ ለአምራቹ ደርሷል። የቀረጥ ጦርነት ጉዳት ቀረጥ በተጣለባቸው ዕቃዎች ላይ ብቻ አይቆምም፤ የገዢውን ኪስ በማራቆት ቀረጥ ያልተጣለባቸውንም ይጎዳል።

በአንድ በኩል ወርቅ፣ በሌላው ብር

ሁለተኛው መተላለፊያ ገንዘቡ ራሱ ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ መገበያያ "ብር" የሚለውን ስም የያዘው በምክንያት ነው፤ በዚያን ዘመን ገንዘቡ በእርግጥም ከብር ማዕድን የተሠራ ነበር። ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚባለውና 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የኦስትሪያ ሳንቲም 28 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ዋጋውም በውስጡ ያለው ማዕድን በዓለም ገበያ ከሚያወጣው ጋር አብሮ ይወጣና ይወርድ ነበር።

ድንበሩን ሲሻገሩ ግን ሌላ ሥርዓት ነበር። በጅቡቲ የሚሠራበት የፈረንሳይ ፍራንክ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ ፍራንኳን እስከ መስከረም 1936 ድረስ ከወርቅ ጋር አስራ ቆይታለች። አንዱ ባቡር ጠዋት ብር በሆነ አገር ተነስቶ በኋላ ወርቅ ወደሆነ አገር ይገባ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1928 በኒው ዮርክ አንድ አውንስ የብር ማዕድን 58 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር። በ1932 መጨረሻ 25 ሳንቲም ገደማ ደረሰ። ይህ ለኢትዮጵያዊው አምራች ምን ማለት ነው? ቡናው በወርቅ ሲለካ ዋጋው በግማሽ ቢወርድና የብር ማዕድንም በዚያው መጠን ቢወርድ ገበሬው ቆጥሮ የሚቀበለው የጠገራ ብር ቁጥር ብዙም ላይቀንስ ይችላል። በእጁ ያለው ሳንቲም ያው ነው፤ ክብደቱም ያው ነው። ሳንቲሙ ከባሕር ማዶ የሚያመጣለት ጨርቅና ላምባ ግን ይቀንሳል፤ የፋብሪካ ምርቶች ዋጋ በዓለም ገበያ የወረደው የእርሻ ምርቶች የወረዱትን ያህል አልነበረምና። ድህነቱ ሳይታይ የሚገባ ዓይነት ነበር።

የሳንቲሙ አቅም መድከም ርካሽ ዕቃ ለሚያቀርብ ሻጭ መንገድ ከፈተ። ጃፓን በታኅሣሥ 1931 ከወርቅ ሥርዓት ወጥታ የየን ተመን እንዲወርድ ስታደርግ የጥጥ ጨርቆቿ በዓለም ገበያ እጅግ ረከሱ። በኢትዮጵያ ገበያ ቀደም ሲል ከአሜሪካና ከሌሎች አገሮች ይመጣ የነበረውን አቡጀዲ የጃፓን ጨርቅ ተካው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መገባደጃ ጃፓንን መጎብኘታቸውም የዚያ ዘመን ግንኙነት ምልክት ነው። ድቀቱ ድህነትን ብቻ አላመጣም፤ ማን ለማን እንደሚሸጥም ለወጠ።

መንግሥቱም ዝም ብሎ አልተመለከተም። በነሐሴ 1931 በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ሆኖ በ1906 ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ተገዝቶ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። እርምጃው ለረጅም ጊዜ የታሰበ የሉዓላዊነት ጉዳይ ቢሆንም የተፈጸመው የዓለም የገንዘብ ሥርዓት በሚናጥበት ወቅት ነው። ብሪታኒያ ከወርቅ ሥርዓት የወጣችው ከዚያ አንድ ወር በኋላ ነበር።

የብር ማዕድን ዋጋ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ወጣ። ይህም ቢሆን በአሜሪካ የተወሰነ ነው። በሰኔ 1934 የወጣው የብር ግዢ ሕግ የአሜሪካን ግምጃ ቤት ትልቅ ገዢ ስላደረገው ዋጋው በ1935 የጸደይ ወራት ከ80 ሳንቲም አልፎ ነበር። በብር ማዕድን የምትገበያየው ቻይና ገንዘቧ ከአገር ሲወጣባት በኅዳር 1935 ሥርዓቱን ለመተው ተገደደች። የገንዘቡን ማዕድን ዋጋ ሌላ ሲወስንለት አንድ አገር ዋጋው ሲወርድም ሲወጣም ይጎዳል።

ከገበያ ወደ ጦር ሜዳ

ሦስተኛው መተላለፊያ ፖለቲካው ነበር። በጀርመን የሥራ አጥነቱ ቁጣ አዶልፍ ሂትለርን በጥር 1933 ወደ ሥልጣን ለማምጣት ከረዱት ነገሮች ዋነኛው ነው። በጣሊያን የቤኒቶ ሙሶሊኒ መንግሥት የሚፈርሱ ባንኮችንና ፋብሪካዎችን ለመታደግ በ1933 ግዙፍ የመንግሥት ተቋም አቋቋመ። በኢትዮጵያ ላይ የተከፈተውን ወረራ ድቀቱ ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም፤ የዓድዋ ቂምና የቅኝ ግዛት ፍላጎት ቀድመውት ነበሩ። ድቀቱ ያደረገው ወራሪውን ሊያስቆሙ የሚችሉትን ማዳከምና እርስ በርስ ማራራቅ ነው።

በጥር 1935 የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ከሙሶሊኒ ጋር በሮም ስምምነት ተፈራረሙ። ፈረንሳይ የጀርመንን መነሳት ፈርታ የጣሊያንን ወዳጅነት ትፈልግ ነበር። ከሰጠቻቸው ነገሮች መካከል ከባብ ኤል መንደብ ትይዩ ያለ የጅቡቲ ቅኝ ግዛት ጠረፍ ቁራጭ እና በባቡር ኩባንያው ውስጥ 2 ሺህ 500 አክሲዮኖች ይገኙበታል። የኢትዮጵያ ብቸኛ የባቡር መውጫ በአውሮፓ ኃያላን ድርድር ውስጥ መያዣ ሆነ።

ጣሊያን በጥቅምት 3 ቀን 1935 ወረራውን ስትጀምር የመንግሥታቱ ማኅበር የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አላካተተም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 2 ቀን 1936 ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት አመሩ። ቡናና ቆዳ ሲወርድበት የነበረው ሐዲድ በመጨረሻ የአገሪቱን መሪ አወጣ።

ዛሬስ በሮቹ ተዘግተዋል?

ከዘጠና ዓመታት በኋላ ስሞቹ ተለውጠዋል፤ የመተላለፊያዎቹ ቅርጽ ግን ብዙም አልተለወጠም።

በዕቃ ረገድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በጅቡቲ ያልፋል። ከ2018 ጀምሮ የንግድ አገልግሎት የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቡና ዛሬም ከኢትዮጵያ ዋና ዋና የወጪ ንግድ ምርቶች አንዱ ሲሆን በቅርቡ በአንድ የበጀት ዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። ይህ የሆነው ግን የዓለም ዋጋ በ2025 መጀመሪያ እጅግ ከፍ ባለበት ወቅት ነው። በዋጋ መናር የመጣ ገቢ በዋጋ መውደቅ ሊሄድ ይችላል። ጅቡቲም ብትሆን ጥገኝነቷ ከዚህ ያነሰ አይደለም፤ ኢትዮጵያ የምታስገባው ዕቃ ሲቀንስ የወደቡ ገቢ፣ የጫኝና አውራጁ የቀን ሥራና የከባድ መኪና ሹፌሩ ጉዞ አብረው ይቀንሳሉ።

በገንዘብ ረገድ የወርቅና የብር ልዩነት በሌላ መልክ ተመልሷል ማለት ይቻላል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ነው። ተመኑም ከ1973 ወዲህ በዶላር 177.721 ፍራንክ ላይ ቆሟል። የኢትዮጵያ ብር በአንጻሩ በሐምሌ 29 ቀን 2024 በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ በሳምንታት ውስጥ ከ57 አካባቢ ተነስቶ በዶላር ከ100 አልፏል። በይፋዊው ተመን ስናሰላው አንድ ሺህ የጅቡቲ ፍራንክ ከለውጡ በፊት 320 ብር ገደማ ነበር። አንድ ዶላር 100 ብር ሲሆን ግን 560 ብር ገደማ ሆኗል። በጅቡቲ ሠርቶ ለቤተሰቡ በባንክ ለሚልክ ኢትዮጵያዊ ይህ ጭማሪ ነው። ቀድሞውንም በጥቁር ገበያ ሲልክ ለነበረው ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። ገንዘቡን በኢትዮጵያ ለሚቀበለው ቤተሰብ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች መወደዳቸው ከጥቅሙ ላይ ይቀነሳል።

ሁለቱም ሥርዓቶች ዋጋ አላቸው። ቋሚ ተመን ለካርቲየ 1 ባለሱቅ ነገ ዕቃ የሚያስመጣበትን ሒሳብ ዛሬ እንዲያውቅ ያደርገዋል። ነገር ግን ዶላር ሲጠነክር ወይም ንግድ ሲደርቅ ጅቡቲ ተመኗን ለቃ መተንፈስ አትችልም፤ ማስተካከያው በደመወዝና በሥራ ላይ ይወድቃል። የሚዋዥቅ ተመን ድንጋጤውን በከፊል ይውጣል፤ ሆኖም ጉዳቱን ለሸማቹ በዋጋ ንረት ያደርሳል።

በብድር ረገድ ጅቡቲ ወደቦቿን፣ ባቡሩንና የውሃ መስመሩን የገነባችው በአብዛኛው ከቻይና በተገኘ ብድር ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በታኅሣሥ 2023 ልትከፍለው ይገባ የነበረውን የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። በድቀት ጊዜ ገቢ ይቀንሳል፤ ዕዳው ግን በቁጥር ያው ይሆናል። በ1930ዎቹ ብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ዕዳ መክፈል ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነበር።

ድቀት የማይቀር ዕጣ አይደለም

የ1929ኙን ታሪክ ከ2008ቱ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሊማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ በመስከረም 2008 ሲከስር አጀማመሩ ተመሳሳይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ንግድ ከ10 በመቶ በላይ ቀነሰ። ነገር ግን ማዕከላዊ ባንኮች ወለድ ከማናር ይልቅ ገንዘብ አቀረቡ፤ የቡድን 20 መሪዎችም በኅዳር 2008 ተሰብስበው አዲስ የንግድ እንቅፋት ላለመፍጠር ቃል ገቡ። ቃሉ ሙሉ በሙሉ ባይከበርም የ1930ው ዓይነት የቀረጥ እሽቅድምድም አልተደገመም። ጉዳቱ ከባድ ቢሆንም እንደ 1930ዎቹ ያለ ድቀት አልሆነም።

አሳሳቢው ነገር ያ መግባባት ዛሬ መሳሳቱ ነው። ታላላቆቹ ኢኮኖሚዎች እንደገና በቀረጥ ይተያያሉ። ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በመርከቦች ላይ በሰነዘሩት ጥቃት ምክንያት በርካታ የመርከብ ኩባንያዎች ከቀይ ባሕር ርቀው በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞርን መርጠዋል።

ኢትዮጵያም ሆነች ጅቡቲ በዋሽንግተን ወይም በቤይጂንግ የሚወሰነውን መለወጥ አይችሉም። በእጃቸው ያለው በመካከላቸው የሚያደርጉት ነው። የእህልና የነዳጅ መጠባበቂያ፣ ከአንድ ምርት ይልቅ በብዙ ምርት ላይ የቆመ ወጪ ንግድ፣ አስቀድሞ ስምምነት የተደረሰበት የወደብ ክፍያና ድንበር ላይ ለሚሠራው የቀን ሠራተኛ የሚሆን ጥበቃ ቀውስ ከመጣ በኋላ የሚፈጠሩ ነገሮች አይደሉም። ኢትዮጵያ ተጨማሪ መውጫ መፈለጓ፣ ጅቡቲም ዋና ደንበኛዋን ላለማጣት መጨነቋ የሚጠበቅ ነው። አደጋው ይህ ፍላጎትና ጭንቀት የዓለም ንግድ በሚቀንስበት ሰዓት ወደ ክፍያ ጭማሪና ወደ ድንበር መዝጋት ከተለወጠ ነው። የ1930ዎቹ ታላላቅ መንግሥታት የተሳሳቱት በዚሁ ነው፤ እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ብልህ መስሎ የታያቸውን አደረጉ። በዚያን ጊዜ ሒሳቡን ከከፈሉት መካከል በውሳኔው ድምፅ ያልነበራቸው የሐረር ቡና አምራችና የጅቡቲ ወደብ ሠራተኛ ነበሩ። ዛሬ ቢያንስ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ባለው መስመር ላይ የሚወስኑት የሁለቱ አገሮች መንግሥታት ራሳቸው ናቸው።